የጥናት መረጃ ቋቶችን መመዘንና ማጣቀሻን በሥርዓት መያዝ፦ ለኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች

አንድ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የቀደሙ ጥናቶችን ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከለመደው የመፈለጊያ ገጽ ነው፤ ማጣቀሻን ማስተካከል ደግሞ ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል ለመጨረሻዎቹ ሌሊቶች የሚተው ሥራ ይሆናል። ሁለቱ ልማዶች የተለያዩ ቢመስሉም የሚያስከትሉት ጉዳት አንድ ነው፤ ፈታኝ ወይም ሌላ ተመራማሪ ይህ መረጃ ከየት እንደተገኘ፣ ሌላው ደግሞ ለምን ሳይገኝ እንደቀረ ቢጠይቅ ተከትሎት የሚሄድ ዱካ አይኖርም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የመረጃ ቋት መምረጥንና ማጣቀሻ መያዝን እንደ አንድ ሥራ ይመለከታቸዋል፤ የሁለቱም መመዘኛ እርስዎ የሄዱበትን መንገድ ሌላ ሰው መልሶ ሊሄድበት መቻሉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቋቱ በፊት ጥያቄው

የትኛው የመረጃ ቋት እንደሚሻል መጠየቅ፣ ምን እንደሚፈለግ ሳይታወቅ፣ መልስ የለውም። በቤት ውስጥ ውኃን በክሎሪን ማከም ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ተቅማጥ ይቀንስ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ እንበል። ርእሱ የጤና ቢሆንም መልሱ በሕክምና ጆርናሎች ብቻ ተሰብስቦ አይገኝም። የክሎሪኑ መጠንና የውኃው ድፍርስነት በአካባቢ ምሕንድስና ጆርናሎች፣ ቤተሰቦች ክሎሪኑን ጀምረው የሚተዉበት ምክንያት በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቶች፣ ወጪውና ጥቅሙ በምጣኔ ሀብት ጽሑፎች፣ የአገልግሎት ሽፋኑ አሐዝ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጧቸው የክትትል ሪፖርቶች ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ የሕክምና ቋት ብቻ የፈተሸ ተማሪ የጥያቄውን አንድ ጎን ብቻ አይቶ ሙሉውን ያየ ይመስለዋል።

በመሆኑም ማንኛውንም ቋት ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄውን በክፍሎቹ ከፋፍለው ይጻፉ፤ የሚጠናው ሕዝብ፣ የሚደረገው ጣልቃ ገብነት፣ የሚነጻጸርበት ሁኔታና የሚለካው ውጤት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ቃላት ይደርድሩ፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ አጻጻፍ ልዩነትም አይረሳ፤ ተቅማጥን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ በሁለቱ አጻጻፍ የአንድ ፊደል ልዩነት ስላለው አንዱን ብቻ የጻፈ ሰው በርካታ ጥናቶች ሊያመልጡት ይችላሉ። ከዚያም በዓምዶቹ አጠገብ ስለ ጉዳዩ የሚጽፈው የትኛው የሙያ ዘርፍ እንደሆነ ያስፍሩ። የቋት ምርጫው ከዚህ ሰንጠረዥ ይወጣል።

ቋቶቹ ምን ይይዛሉ፣ ምን ይጎድላቸዋል?

ለአብዛኛው የኅብረተሰብ ጤና ጥያቄ መነሻው ፐብሜድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው ይህ ቋት ከ1996 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያለ፣ በነጻ የሚከፈትና ከ37 ሚሊዮን በላይ መዝገቦችን የያዘ ነው። ብዙ ተማሪዎች ፐብሜድንና ሜድላይንን አንድ አድርገው ያያሉ፤ ልዩነቱን ማወቅ ግን የሥራውን ግማሽ ያቃልላል። ሜድላይን ጆርናሎቹ በኮሚቴ ተገምግመው የሚገቡበት፣ ጽሑፎቹም ሜሽ በተባለው የርእሰ ቃላት ሥርዓት የሚመደቡበት የፐብሜድ ትልቁ ክፍል ነው። ፐብሜድ ከዚህ በተጨማሪ ከ2000 ጀምሮ ሙሉ ጽሑፎችን የሚያከማቸውን የፒ.ኤም.ሲ.ን ይዘቶች ያሳያል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጆርናላቸው ሜድላይን ውስጥ ያልገባ፣ የጥናት ገንዘብ ሰጪዎች ግዴታ ስላደረጉ ብቻ የተቀመጡ ጽሑፎች ይገኙበታል። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በፐብሜድ መገኘቱ የጆርናሉን ጥራት አያረጋግጥም። ይህን እንደ ማስረጃ የሚያቀርብ ተማሪ አማካሪውን አያሳምንም፣ ማሳመንም የለበትም።

የሜሽ ጥቅም ጸሐፊዎች በተለያየ ቃል የጠሩትን ነገር በአንድ ርእስ ሥር መሰብሰቡ ነው፤ ሰፊውን ርእስ ሲፈልጉ በሥሩ ያሉትን ጠባብ ርእሶችም አብሮ ያመጣልዎታል። ነገር ግን ሁሉም የፐብሜድ መዝገብ የሜሽ ርእስ የለውም። በመሆኑም በርእሰ ቃል ብቻ መፈለግ ያልተመደቡትን፣ በተራ ቃል ብቻ መፈለግ ደግሞ ባልታሰበ ቃል የተጻፉትን ያስቀራል፤ ሁለቱን "ወይም" የሚል ትርጉም ባለው "ኦር" በተባለው አያያዥ አገናኝቶ መጠቀም ግድ ነው። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ በመማሪያ ክፍል ብዙም የማይነገር ወጥመድ አለ፤ በገጹ ጎን ያሉት የዕድሜ፣ የጾታና የሰው ወይም የእንስሳ ማጣሪያዎች የሚሠሩት በሜሽ ምደባ ላይ ተመሥርተው ነው። "ሕፃናት" የሚለውን ማጣሪያ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ያልተመደቡት መዝገቦች፣ ስለ ሕፃናት ቢሆኑም እንኳ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ከማጣሪያው ይልቅ ሕፃናትን የሚገልጹ ቃላትን በፍለጋው ውስጥ መጻፍ ይሻላል።

ፐብሜድ የተጻፈለትን ቃል እንዳለ አይወስድም፤ ወደ ሜሽ ርእስና ወደ ተመሳሳይ ቃላት በራሱ ይተረጉመዋል። የቃል መጨረሻን ክፍት ለማድረግ የኮከብ ምልክት ሲያስገቡ ወይም ሐረግን በትእምርተ ጥቅስ ሲያጥሩ ግን ይህ ትርጓሜ ይቆማል። ሁለቱም አካሄዶች ቦታ አላቸው፤ ስሕተት የሚሆነው ምን እንደተፈለገ ሳያውቁ ውጤቱን መቀበል ነው። ከእያንዳንዱ ፍለጋ በኋላ አድቫንስድ ወደሚለው ገጽ ገብተው በታሪክ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለውን የፍለጋ ዝርዝር ያንብቡ፤ ፐብሜድ ጥያቄዎን እንዴት እንደተረዳው ቃል በቃል ያሳየዎታል። "ኖት" የሚለውን፣ አንድን ቃል የያዙ ጽሑፎችን የሚያስወጣውን አያያዥ በተመለከተ ደግሞ ቁጥብነት ያስፈልጋል፤ አዋቂዎችን ለማስወጣት ተብሎ የተጻፈ "ኖት" ሕፃናትንና አዋቂዎችን አብሮ ያጠናውን ጽሑፍም ያስወጣል።

ኤምቤዝ በመድኃኒት ጥናቶችና በጉባኤ አህጽሮተ ጥናቶች ከሜድላይን የሰፋ ነው፤ ኤምትሪ የተባለ የራሱ የርእሰ ቃላት ሥርዓት ስላለው ለፐብሜድ የተዘጋጀ የፍለጋ ቀመር (የፍለጋ ቃላቱና አያያዦቹ አብረው የተጻፉበት) እንዳለ ተገልብጦ አይሠራበትም። ሲናል ለነርሲንግና ተዛማጅ ሙያዎች፣ ሳይክኢንፎ ለሥነ ልቦናና ለባሕርይ፣ ግሎባል ሄልዝ ለኅብረተሰብ ጤናና ለሐሩር አካባቢ በሽታዎች የተዘጋጁ ናቸው፤ አራቱም በተቋም ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ኮክሬን ላይብረሪ ሥርዓታዊ ክለሳዎችን (በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉ ጥናቶችን አስቀድሞ በተወሰነ ዘዴ ፈልገው የሚያጠቃልሉ ጽሑፎችን) እና የሙከራ ጥናቶችን መዝገብ ይዟል፤ በርእስዎ ላይ ክለሳ ተሠርቶ እንደሆነ መጀመሪያ እዚያ ማየት የብዙ ሳምንታት ድካም ሊያተርፍ ይችላል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ዘርፍ ሳይለዩ ሰፊ ሽፋን አላቸው፤ ከላይ በጠቀስነው የውኃ ምሳሌ የምሕንድስናውንና የምጣኔ ሀብቱን ጎን የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ዋናው ጥቅማቸው ግን አንድን ጽሑፍ ማን በኋላ እንደጠቀሰው መከታተል ማስቻላቸው ነው፤ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኙ ወደ ኋላ የጠቀሳቸውን፣ ወደ ፊት የጠቀሱትን መከተል በቃል ፍለጋ የማይገኙ ጥናቶችን ያመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘጋጀው ግሎባል ኢንዴክስ ሜዲከስ ከተገቢው በታች ጥቅም ላይ የሚውል ቋት ነው ብል አላጋነንኩም። የአፍሪካን፣ የላቲን አሜሪካን፣ የምሥራቅ ሜዲትራንያንን፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያንና የምዕራብ ፓሲፊክን ክልላዊ ዝርዝሮች በአንድ ገጽ ለመፈለግ ያስችላል፤ በትልልቆቹ ቋቶች የማይገቡ የየአገሩ ጆርናሎችና የጤና ተቋማት ሰነዶች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ሙሉ ጽሑፍ ማግኘት ሲቸግር ደግሞ ድርጅቱ ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ሂናሪ አለ፤ አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት በነጻ ወይም በቅናሽ ጆርናሎችን ያነቡበታል። የመግቢያ ስምና ፓስዋርዱ የሚሰጠው ለተቋሙ ስለሆነ የተማሪው ድርሻ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለ ጉግል ስኮላር

በ2004 የተጀመረው ጉግል ስኮላር ፈጣን፣ ነጻና ሰፊ በመሆኑ ተወዳጅ ነው፤ አትጠቀሙበት ማለትም ከንቱ ምክር ነው። ይሁንና ድክመቶቹ ለሥርዓታዊ ሥራ ከባድ ናቸው። የርእሰ ቃላት ሥርዓት የለውም፤ የፍለጋ ቀመሩ ከ256 ፊደል ሊበልጥ አይችልም፤ የቱንም ያህል ውጤት አገኘሁ ቢል ከመጀመሪያዎቹ 1000 በላይ አያሳይም፤ ውጤቱን በምን ሚዛን እንደሚደረድር በዝርዝር ስለማይታወቅና ዝርዝሩም ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተደረገውን ፍለጋ በሚቀጥለው ወር መድገም አይቻልም። ስለዚህ እንደ ዋና ቋት ሳይሆን እንደ ማሟያ ይያዝ፤ በሌሎቹ ቋቶች ከፈለጉ በኋላ ከፊት ያሉትን የተወሰኑ ገጾች፣ ስንት እንደሆኑ አስቀድመው ወስነውና መዝግበው፣ ይመልከቱ። የመመረቂያ ጽሑፎችንና በጆርናል ያልታተሙ ሪፖርቶችን በመጠቆም ረገድ ብዙዎቹን ቋቶች ይበልጣቸዋል።

ቋቱን በሚታወቁ ጽሑፎች መፈተን

ከላይ የተባለው ሁሉ በስምና በዝና ላይ የተመሠረተ ምርጫ ነው፤ እውነተኛው መመዘኛ ግን ፈተና ነው። በርእስዎ ላይ ያለ ጥርጥር ሊገኙ የሚገባቸውን ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ጽሑፎች ይምረጡ፤ ከአማካሪዎ፣ ከቅርብ ጊዜ ክለሳዎች ዋቢ ዝርዝር ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ሊገኙ ይችላሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን በርእሱ ብቻ ቋቱ ውስጥ ይፈልጉት። ከሌለ ጉድለቱ የቋቱ ነው፤ ሌላ ቋት መጨመር አለበት። ከዚያ ያዘጋጁትን የፍለጋ ቀመር ያስኪዱና ስንቶቹ በውጤቱ ውስጥ እንደተካተቱ ይቁጠሩ። ጽሑፉ በቋቱ ውስጥ እያለ ቀመርዎ ካላመጣው ጉድለቱ የቀመሩ ነው፤ የጽሑፉን መዝገብ ከፍተው የተሰጠውን የሜሽ ርእስና በአህጽሮተ ጥናቱ ውስጥ ያሉትን ቃላት ቢያዩ የጎደለው ዓምድ ወዲያው ይታያል። ይህ ሁለት ደረጃ ያለው ፈተና የቋትን ድክመት ከፈላጊው ድክመት ስለሚለይ ከማንኛውም የቋቶች ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ የበለጠ ያስተምራል። ለፈተና የመረጧቸው ጽሑፎች ግን ሁሉም ከአንድ ጆርናል ወይም ከአንድ የምርምር ቡድን የመጡ ከሆነ ፈተናው የሚነግርዎት ስለዚያ ቡድን ብቻ ነው።

ፍለጋው ሲጠናቀቅ የቋቱን ስም፣ የተጠቀሙበትን ገጽ ወይም አቅራቢ፣ ቀኑን፣ ሙሉውን ቀመር ሳያሳጥሩና የተገኘውን ብዛት በአንድ ፋይል ይመዝግቡ። በ2021 የወጣው ፕሪዝማ-ኤስ የተባለው የፍለጋ አዘጋገብ መመሪያ የሚጠይቀውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ከወር በኋላ ከማስታወስ ተነሥቶ የተጻፈ ቀመር ብዙውን ጊዜ ከተደረገው ፍለጋ ጋር አይገጥምም።

የተገኘውን ጽሑፍ መመርመር

አንድ ጽሑፍ በጥሩ ቋት ውስጥ መገኘቱ ከምርመራ አያድነውም። ፕሪፕሪንት (በጆርናል ሳይታተም በፊት በይፋ የተለቀቀ ረቂቅ) ከሆነ፣ ለምሳሌ በ2019 በተጀመረው ሜድአርካይቭ ላይ የወጣ ከሆነ፣ የአቻ ግምገማ ያላለፈ መሆኑን በጽሑፍዎ ይግለጹ፤ በኋላ በጆርናል ታትሞ እንደሆነም ይፈልጉና የታተመውን ይጥቀሱ። የጆርናሉ ስም አዲስ ከሆነብዎት የግምገማ ሂደቱና የአርታኢ ቦርዱ በግልጽ መታወቃቸውን፣ የሕትመት ክፍያው አስቀድሞ መገለጹን፣ በክፍት ጆርናሎች ማውጫ ወይም በሜድላይን መመዝገቡን ይመልከቱ። ጆርናሉ ራሱ በድረ ገጹ ላይ "ተመዝግበናል" ማለቱ አይበቃም፤ ማውጫው ራሱ ተከፍቶ መታየት አለበት።

የተሻሩ፣ ማለትም ከታተሙ በኋላ ጆርናሉ ራሱ የሰረዛቸው፣ ጽሑፎች ጉዳይ ከሁሉም ያሳስባል። የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የጀርመን ኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በላንሴት የወጣው በ1998 ሲሆን ጆርናሉ የሻረው በ2010 ነው፤ በመካከሉ ባሉት 12 ዓመታት በክትባት ላይ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። በ2020 ደግሞ በዚያው ጆርናል ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ኮቪድ-19 የወጣ ጽሑፍ መረጃው ሊረጋገጥ ባለመቻሉ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተሽሯል። የተሻረ ጽሑፍ ፋይሉ በኮምፒውተርዎ ላይ ምንም ሳይለወጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጽሑፍዎን ከማስገባትዎ በፊት እያንዳንዱን ማጣቀሻ በፐብሜድ ወይም በሪትራክሽን ዎች ቋት እንደገና ያረጋግጡ።

ማጣቀሻን መያዝ

የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው የፍለጋ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ይዋል። በ2006 የወጣው ዞተሮ ነጻና የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ነው፤ የማጣቀሻ መዝገቦችን ያለ ገደብ ያመሳስላል፣ ለተያያዙ ፋይሎች ግን በነጻ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሜንደሌይ ለፋይል የሚሰጠው ነጻ ቦታ የሰፋ ቢሆንም ባለቤቱ ስኮፐስንና ኤምቤዝን የሚያቀርበው ኤልሰቪየር ነው። ኤንድኖት በክፍያ የሚገኝ ሲሆን ተቋሙ ካልገዛው ለተማሪ ውድ ነው። ላቴክ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት ለሚጽፉ ጃብረፍ ይስማማል። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ተማሪ ዞተሮ ይበቃል፤ የቡድን ሥራ ከሆነ ግን የተሻለው ሶፍትዌር ባልደረቦች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው። ሁሉም በአር.አይ.ኤስ. ወይም በቢብቴክ ቅርጸት መዝገብ ማስወጣትና ማስገባት ስለሚችሉ ምርጫው እስከ ዕድሜ ልክ አያስርም።

ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የገባለትን ነው። ከድረ ገጽ በአንድ ጠቅታ የመጣ መዝገብ የተሟላ ቢመስልም ቅጽ ቁጥር የጎደለው፣ የጆርናል ስሙ የተዛባ ወይም ዓመቱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል በመጣበት ሰዓት ከጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር ይመሳከር። ዲ.ኦ.አይ. (ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ወይም የፐብሜድ መለያ ቁጥር ካለ በዚያ ማስገባት ከድረ ገጽ ከመቅዳት የበለጠ ትክክለኛ ነው። የጽሑፉን ርእስ የመጀመሪያውን ፊደልና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ በትልቅ ፊደል አድርገው ያስቀምጡ፤ ሶፍትዌሩ ይህን ወደ ሌላው አጻጻፍ መለወጥ ይችላል፣ ከሌላው ወደዚህ መመለስ ግን አይሆንለትም።

የስሞች ጉዳይ ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው፣ እሱም መጨረሻ ላይ ይጻፋል በሚል ግምት ነው። የቤተሰብ ስም በማይጠቀሙ ወይም በሚያስቀድሙ ሕዝቦች ዘንድ ግን ግምቱ ይፈርሳል፤ አንድ ጸሐፊ በአንድ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ስም ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ጸሐፊው በራሱ ጽሑፎች ወይም ኦርኪድ በተባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ ባለው ገጹ ላይ ስሙን እንዴት እንደሚያስቀምጥ አይተው አንዱን አጻጻፍ በሁሉም መዝገቦች ይጠቀሙ። ተቋም ጸሐፊ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም በሁለት ሣጥን ከተከፈለ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ የቀሩት ደግሞ በመነሻ ፊደል አጥረው ይወጣሉ። በዞተሮ ስሙን ወደ ነጠላ ሣጥን መለወጥ፣ በኤንድኖት ከስሙ በኋላ ነጠላ ሰረዝ ማድረግ ይህን ይከላከላል።

ከብዙ ቋቶች የተሰበሰቡ መዝገቦች መደጋገማቸው አይቀርም። ሶፍትዌሩ ተደጋጋሚ ናቸው ያላቸውን በዐይን አይተው ያዋህዱ እንጂ አንዱን ዝም ብለው አይሰርዙ፤ በጽሑፍዎ ውስጥ የጠቀሱት የተሰረዘው ከሆነ ከመዝገቡ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። ከመዋሃዳቸው በፊት የነበረውንና በኋላ የቀረውን ብዛት መመዝገብም አይዘንጋ፤ ሥርዓታዊ ክለሳ ከሆነ የተገኙና የቀሩ መዝገቦችን ብዛት በየደረጃው በሚያሳየው የፍሰት ሥዕል ላይ ይጠየቃሉ።

የአጻጻፍ ስልቱን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ወይም ጆርናሉ ነው። በጤና ዘርፍ የተለመደው ቫንኩቨር፣ አመጣጡ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች በ1978 በቫንኩቨር ካደረጉት ስብሰባ ሲሆን፣ ምንጮችን በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል በቁጥር ይጠራል፤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስልት የሆነው ኤ.ፒ.ኤ. ደግሞ በጸሐፊ ስምና በዓመት። ስልቱን ሶፍትዌሩ ስለሚለውጠው በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ያላነበቡትን አይጥቀሱ። አንድ ክለሳ ሌላ ጥናትን ጠቅሶ የሰጠው አሐዝ ካስፈለገዎት የመጀመሪያውን ጥናት ከፍተው አሐዙ በትክክል መኖሩን ይዩ፤ በመካከል የተዛባ ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲወራረስ ማየት የተለመደ ነው። ጽሑፍ የሚያመነጩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የሚሰጡትን ማጣቀሻ በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ እውነተኛ የሚመስል ጸሐፊ፣ ጆርናልና ዓመት አቀናብረው የሌለ ጽሑፍ ስለሚፈጥሩ ዲ.ኦ.አይ.ው ተከፍቶ ወደዚያው ጽሑፍ ካልወሰደ መዝገቡ ወደ ስብስብዎ አይግባ።

ጽሑፉን ለፈታኝ ወይም ለጆርናል ሲልኩ ማጣቀሻዎቹ ከሶፍትዌሩ ጋር ያላቸው ግንኙነት የተቋረጠበት ቅጂ ያዘጋጁ፤ ይህ ግን በሌላ ስም የተቀመጠ ቅጂ ይሁን። ግንኙነቱ ያልተቋረጠው ዋናው ፋይል፣ የፍለጋ መዝገቡና የሙሉው ስብስብ የአር.አይ.ኤስ. ቅጂ በአንድ ፎልደር ሆነው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ፤ ፈታኙ እርማት ጠይቆ ሲመልሰው ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ፎልደር ነው።